ዋተርሉ የማን ስም ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነበር። እንደ ተለመደው ጨዋታው ከሟቹ ታሪክ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ወደ ፖለቲካ ገባ። ከታዳሚዎቹ መካከል አንድ የተማሩና የተከበሩ ሽማግሌ ስለማይወዱት የፖለቲካ ቡድን ሲናገሩ፣ «እንግዲህ የእነዚህም ዋተርሉ ደርሷል» አሉ። ከማዶ የተቀመጠና የዚያው ቡድን ደጋፊ የሆነ ጎልማሳ ደግሞ፣ «አይ ጋሼ፣ ዋተርሉውስ የእናንተ ነው» ሲል መለሰላቸው። ሰዉ ሣቀ፤ ያለበት ቤት ትዝ ሲለው ደግሞ ዝም አለ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ያሰላሰልሁት ከሁለቱ ማንኛቸው ትክክል እንደሆኑ አይደለም። ያስገረመኝ በአንዲት ጉዳይ እንኳ የማይስማሙት ሁለቱ ሰዎች አንዱ ለሌላው የመረጠው ቃል ያው አንዱ መሆኑ ነው። ቃሉም የእኛ አይደለም። ከእንግሊዝኛ ፈሊጥ የተወሰደ ነው። እንግሊዞች አንድ ሰው የማይነሣበት ሽንፈት ሲደርስበት «ዋተርሉውን አገኘ» ይላሉ። በትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን «ለመጨረሻ ጊዜ ተሸነፈ ማለት ነው» ብለው አስጽፈውን አልፈዋል። ፍቺው ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ምክንያቱም ፈሊጡ ሁልጊዜ ለሚሸነፍ ሰው አይነገርም። የሚነገረው ማሸነፍን ለለመደ፣ አይበገሬ ይመስል ለነበረ ሰው ነው። ስለዚህ ባላንጣውን «ዋተርሉህ ደረሰ» የሚል ሰው ሳያውቀው ባላንጣውን ናፖሊዮን፣ ራሱን ደግሞ ዌሊንግተን አድርጎ ሾሟል። ስድብ የተባለው ነገር ግማሹ ሹመት ነው።

ፈሊጡ አንድ ወሳኝ ቀን፣ አንድ ወሳኝ ቦታና አንድ አሸናፊ እንደነበሩ አድርጎ ይነግረናል። ታሪኩን ገለጥ አድርጎ ለሚያይ ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። ለእኛም ጉዳዩ የቋንቋ ብቻ አይመስለኝም፤ በዚህ ቃል የምንጫወት ሰዎች ፖለቲካችንን የምናይበት መነጽር በውስጡ አለ።

ከስሙ ልነሣ። ውጊያው የተካሄደው ጁን 18 ቀን 1815 ነው። (በዚህ ጽሑፍ «በእኛ አቆጣጠር» ካላልሁ በቀር ዓመታቱ የአውሮፓውያን ናቸው፤ ያን ጊዜ በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነበር።) ዛሬ በቤልጂግ ግዛት ውስጥ ባለችው ዋተርሉ በምትባለው መንደር ግን ውጊያ አልተደረገም። ጦሩ የተፋለመው ከመንደሯ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ሞን ሳን ዣን በሚባለው ከፍታና በፊቱ በተዘረጋው የእህል ማሳ ላይ ነው። ዋተርሉ የእንግሊዙ አዛዥ የዌሊንግተን መስፍን ያደረበት ማረፊያ ቤት የነበረባት መንደር ናት። የድሉ መልእክት ለለንደን ሲጻፍ በራስጌው ላይ የሰፈረው የዚያች መንደር ስም ነበር። ጋዜጦች አተሙት፤ ዓለምም ተቀበለው።

በቀኑ ማብቂያ ዌሊንግተንን ያገኘው የፕሩሲያው ጦር አዛዥ ብሉሸር ግን ሌላ ስም ነበረው። የተገናኙት «ላ ቤል አሊያንስ» በሚባል የመንገድ ዳር መሸታ ቤት አጠገብ ነበርና፣ ትርጉሙም «ውቡ ኅብረት» ስለሆነ፣ የኅብረት ድል በኅብረት ስም ይጠራ አለ። ዌሊንግተን አልተቀበለውም። ፕሩሲያዎች ግን ጦርነቱን በዚያው ስም ጠሩት፤ በበርሊንም አደባባይ ሰየሙለት፤ የአደባባዩ ስም የተለወጠው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ፈረንሳዮች በበኩላቸው ሞን ሳን ዣን ይሉት ነበር። እንግዲህ አንድ ቀን ሦስት ስም ነበረው ማለት ነው። ያሸነፈው ባሕር የሚገዛውና ብዙ ጋዜጣ የሚያትመው ወገን የሰጠው ስም ሆነ። ለንደን በ1817 ድልድይ፣ በ1848 ደግሞ የባቡር ጣቢያ በዚህ ስም ጠራች። ከ1994 እስከ 2007 ድረስ ከፓሪስ በባሕሩ ሥር የሚመጣው ባቡር የሚቆመው እዚያው ዋተርሉ ጣቢያ ስለነበር፣ ፈረንሳዊው መንገደኛ ለንደንን የሚረግጠው በሽንፈቱ ስም በኩል ነበር።

አሸናፊውስ ማን ነው? እንግሊዞች ድሉን የራሳቸው አድርገው ሲተርኩት ኖረዋል። ይሁንና በዌሊንግተን ሥር ከተሰለፈው 68 ሺህ ያህል ሠራዊት እንግሊዛዊው፣ ስኮትላንዳዊውና አየርላንዳዊው ተደምሮ ከግማሽ በታች ነበር። የቀረው ከኔዘርላንድና ከልዩ ልዩ የጀርመን ግዛቶች የመጣ ነው። ናፖሊዮን ወደ 72 ሺህ የሚጠጋ ጦር ይዞ፣ ሌሊቱን በዘነበው ዝናብ የጨቀየው መሬት እስኪጠነክር ብሎ ውጊያውን ሊጀምር ሲል ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ያ የዘገየ ሰዓት ለፕሩሲያዎች መድረሻ ሆናቸው። ከሰዓት በኋላ በቀኝ ጎኑ ብቅ አሉ፤ እስኪመሽም ቁጥራቸው ወደ 50 ሺህ ደረሰ። ናፖሊዮን እነሱን እንዲያሳድድ 33 ሺህ ያህል ሰው አስይዞ የላከው ማርሻል ግሩሺ በሌላ ስፍራ ተጠምዶ ቀርቷል። ምሽት ላይ ተሸንፎ የማያውቀው የንጉሠ ነገሥቱ ዘበኛ ጦር ሲያፈገፍግ ታየ፤ ሁሉም ነገር ፈረሰ።

በዚያ ጠባብ ማሳ ላይ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ሞቶና ቆስሎ ወደቀ። በማግስቱ የሬሳ ዘራፊዎች ቁልፍና ጫማ ብቻ አልነበረም የለቀሙት። ወጣት የሞተበት ጦርነት ጥሩ ጥርስ የሚገኝበት ነውና ጥርስ እየነቀሉ ሸጡ። ከጦር ሜዳ ሙታን አፍ እየተነቀለ በሀብታም ሽማግሌዎች ድድ ላይ የሚተከለው ሰው ሠራሽ ጥርስ በኋላ «የዋተርሉ ጥርስ» የሚል መጠሪያ አገኘ። ይህን ያነበብሁ ዕለት ፈሊጡ ለእኔ የቀድሞ ለዛውን አጣ።

አሁን ወደ ቀኑ ልመለስ፤ ዋናው ጉዳይ ይኸ ነውና። ናፖሊዮንን የጣለው ጁን 18 ነውን? ከ1808 ጀምሮ ስፔን ሠራዊቱን እንደማይድን ቁስል ስታደማው ኖራለች። በ1812 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞ ወደ ሩሲያ ገባ፤ ከዚያ ሁሉ የተመለሰው ጥቂቱ ነው። በኦክቶበር 1813 ላይፕዚግ ላይ ተሸነፈ። በ1814 ፓሪስ ተያዘች፤ ዙፋኑን ለቀቀ፤ ኤልባ ወደምትባል ደሴት ተላከ። በ1815 መጀመሪያ ከደሴቲቱ አምልጦ ሲመለስ በቪየና የተሰበሰቡት መንግሥታት ማርች 13 ቀን ከሕግ ውጭ የሆነ ሰው ነው ብለው አወጁበት። ዋተርሉ ላይ አሸንፎ ቢሆን እንኳ የኦስትሪያና የሩሲያ ሠራዊት ወደ ፈረንሳይ በመገስገስ ላይ ነበር። በዕለቱ የታየው የሰባት ዓመት ውድቀት የመጨረሻ ምዕራፍ ነበር።

የመጨረሻው ምዕራፍም ቢሆን በዚያ ማሳ ላይ አልተዘጋም። ናፖሊዮን ጁን 21 ቀን ጠዋት ፓሪስ ሲገባ ሌላ ጦር ለማሰባሰብ ያሰበ ሰው ነበር፤ የግሩሺም ጦር ሳይደመሰስ ቀርቷል። ነገር ግን በዚያኑ ዕለት በአሜሪካ አብዮት የተዋጋው ላፋዬት በምክር ቤት ተነሥቶ፣ ምክር ቤቱ ሳይበተን በቋሚነት እንዲሰበሰብ፣ ሊበትነው የሞከረም ሁሉ በአገር ክሕደት እንዲጠየቅ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡም አለፈ። በማግስቱ ጁን 22 ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋኑን ለቀቀ። መድፍ የጀመረውን የጨረሰው የምክር ቤት ውሳኔ ነው። ፈሊጡ ግን ስለዚያ አዳራሽ አንድ ቃል አይተነፍስም። «ላፋዬቱን አገኘ» የሚል እንግሊዛዊ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

እኛም እንዲሁ ነን። ደርግ የወደቀው መቼ ነው ብትሉን አብዛኞቻችን ግንቦት 20 ቀን 1983 በእኛ አቆጣጠር እንላለን። የአፍአበቱ ጦር በመጋቢት 1980 ሲሰበር ወድቆ አልነበረምን? ወይስ በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ? ወይስ በዚያው ዓመት በግንቦት የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ከሽፎ ሠራዊቱ የራሱን አዛዦች ሲያጣ? ወይስ ግንቦት 13 ቀን ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ሲወጡ? ይህን የምጠይቀው ለታሪክ ፈተና አይደለም። ውድቀትን በአንድ ቀን የሚቆጥር ሕዝብ ውድቀቱ በመካሄድ ላይ ሳለ አያየውም፤ የወደቀው ወገን ምን አጥፍቶ እንደወደቀም ለማጥናት ጊዜ አያገኝም። በየጊዜው «ይህ የመጨረሻው ነው» የተባለልን ስንት ቀን ነው? ተቃዋሚው የገዢውን፣ ገዢውም የተቃዋሚውን ዋተርሉ ሲጠብቅ፣ በመካከሉ ያለው ረጅሙ የፖለቲካ ሥራ ማለትም ድርጅት መገንባት፣ መደራደር፣ ሕግ ማርቀቅ እንደ ተራ ነገር ተቆጥሮ ይቀራል።

ቃሉ ከጦር ሜዳ ወጥቶ ፈሊጥ ለመሆን ጊዜ አልፈጀበትም። ካወቅኋቸው ጥንታዊ አጠቃቀሞች የሚጥመኝ የባለቅኔው የሎርድ ባይረን ነው። በ1816 መጨረሻ ቬኒስ አጠገብ ባለች ደሴት ከሚኖሩ የአርመን መነኮሳት ቋንቋቸውን ይማር ነበር። ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ፈረንሳዮች የአርመንኛ ትምህርት ሲከፍቱ ሃያ ተማሪዎች ሰኞ ዕለት በታላቅ ወኔ እንደጀመሩ፣ ሐሙስ ሲደርስ ግን አሥራ አምስቱ በሃያ ስድስተኛው ፊደል ላይ እንደተሸነፉ ያወጋና፣ ፊደሉን ዋተርሉ ይለዋል። የአርመን ፊደል 38 ነው። ሀሁን እስከ ፐ ድረስ በሰባት ቤት የለቀለቀ የእኛ አገር የቆሎ ተማሪ ይህን ቢሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ቀጥሎ የመጣው አጠቃቀም ግን የሚያሥቅ አይደለም። ኦገስት 16 ቀን 1819 በማንቸስተር ከተማ ቅዱስ ጴጥሮስ በሚባለው ሜዳ 60 ሺህ ያህል ሕዝብ የፓርላማ ውክልና ይሻሻል ብሎ ተሰበሰበ። ያን የሚያህል የኢንዱስትሪ ከተማ በፓርላማ የራሱ ተወካይ አልነበረውም። የከተማው ዳኞች ፈረሰኛ ጦር አዘዙበት። ቢያንስ 15 ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ከፈረሰኞቹ መካከል ከአራት ዓመት በፊት በዋተርሉ የተዋጋ ክፍለ ጦር ነበረበት። ከሞቱትም አንዱ ጆን ሊስ የሚባል የጨርቅ ሠራተኛ ራሱ በዋተርሉ የተዋጋ ወታደር ነበር። ናፖሊዮን ያልገደለውን የገዛ አገሩ ሰይፍ ጨረሰው። ያን ጊዜ የማንቸስተር ጋዜጠኞች የሜዳውን ስምና የድሉን ስም አጋብተው «ፒተርሉ» አሉት። መንግሥት የሚኮራበትን ስም ሕዝቡ ቀምቶ መልሶ ወረወረበት። ሰላማዊ ሰልፍ እንዴት እንደሚበተን ለሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራራት አያሻም።

የድሉ ባለቤት ራሱስ? ዌሊንግተን በ1828 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በኖቬምበር 1830 የአገሪቱ የምርጫ ሥርዓት ምንም መሻሻል አያስፈልገውም ብሎ በፓርላማ ተናገረ፤ በዚያው ወር መንግሥቱ ወደቀ። በ1831 የተቆጣ ሕዝብ የለንደን ቤቱን መስኮቶች በድንጋይ ሰባበረበት፤ እሱም የብረት መዝጊያ አስገጠመላቸው። የተሐድሶው ሕግ በጁን 1832 ጸደቀ። ከዚያ ጥቂት ቀናት በኋላ መስፍኑ በፈረስ ሆኖ በከተማዋ ሲያልፍ ሕዝብ እየጮኸና ጭቃ እየወረወረ ተከተለው፤ ከጥቃት ያዳኑት አብረውት የነበሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ቀኑ ጁን 18 ነበር።

ፈሊጡን በክብር የተጠቀመበት ሰው ብባል ዌንደል ፊሊፕስን እጠራለሁ። ፊሊፕስ የባርነት ጠላት የሆነ አሜሪካዊ ተናጋሪ ነበር። በኦክቶበር 1859 ጆን ብራውን ባሮችን ነጻ ለማውጣት በጥቂት ሰዎች የሃርፐርስ ፌሪን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ይዞ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ተማረከ። አገሩ ሁሉ ዕብድ ነው፤ ከሸፈ አለ። ፊሊፕስ በኖቬምበር 1 ብሩክሊን ላይ ባደረገው ንግግር፣ ቢከሽፍስ፣ ማንም ሰው በመጨረሻ ዋተርሉውን ማግኘቱ አይቀርም የሚል ሐሳብ ተናገረ፤ አያይዞም ሽንፈት ሁለት ዓይነት መሆኑን አስረዳ። ልብ በሉ፦ ቃሉን ያዋለው በወደቀው ሰው ላይ ለመሣለቅ አልነበረም፤ ለተሸነፈው ለመከራከር ነው። ብራውን ዲሴምበር 2 ቀን ተሰቀለ። አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተጀመረ፤ የሰሜን ወታደሮችም በስሙ እየዘመሩ ዘመቱ።

ሌሎች ሕዝቦች ሽንፈትን በምን ስም እንደሚጠሩ ማየትም ደግ ነው። ፈረንሳዮች ነገር ሲበላሽ ከዋተርሉ ይልቅ «ቤሬዚና» ማለት ይቀናቸዋል። ቤሬዚና በኖቬምበር 1812 የናፖሊዮን ጦር ከሩሲያ ሲሸሽ የተሻገረው ወንዝ ነው። የሚገርመው እዚያ ብዙ ሕዝብ ቢያልቅም የጦሩ ዋና ክፍል ከከበባ አምልጦበታል። ተሸናፊው ራሱ ሲሰይም የመረጠው የተዘጋበትን ቦታ ሳይሆን ደምቶም ቢሆን ያለፈበትን ነው። ጣሊያኖች በ1917 ኦስትሪያና ጀርመን ድል ያደረጓቸውን የካፖሬቶን ስም ለውድቀት ሁሉ መጠሪያ አድርገውታል። ከእኛ ጋር ያላቸው ሒሳብ ግን በሌላ መንገድ ተጽፏል፦ በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት ጦር በሮም ዋናው የባቡር ጣቢያ ፊት «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ተብሎ ቆሟል። የአገራችን ስደተኞች ተቀጣጥረው የሚገናኙበት ያ አደባባይ በሽንፈት የተሰየመ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በእኛ ቋንቋ «ማይጨውን አገኘ» የሚል ፈሊጥ የለም። ለምን እንደሌለ ብጠየቅ፣ ከማይጨው በኋላ አምስት ዓመት የአርበኝነት ትግል ስለተከተለ ቃሉ «መጨረሻ» ማለትን እምቢ ብሎ ይሆናል እላለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው። ይልቅስ «ወደቀ» የሚለው ግሣችን ያስደንቀኛል፤ በፈተና የወደቀ ተማሪ፣ የወደቀ መንግሥት፣ ለአገሩ የወደቀ ጀግና፣ ሦስቱም በአንድ ቃል ይነገራሉ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ተናጋሪው የማን ወገን መሆኑ ነው።

ወደ ዘመናችን ልምጣ። በጁላይ 2009 ጂም ዴሚንት የተባሉ የሪፐብሊካን ሴናተር፣ የፕሬዚዳንት ኦባማን የጤና ዋስትና ሕግ ማስቆም ከቻልን ዋተርሉው ይሆናል፤ ይሰብረዋልም አሉ። ሕጉ ማርች 21 ቀን 2010 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ተፈረመ። በዚያው ምሽት የፕሬዚዳንት ቡሽ ንግግር ጸሐፊ የነበሩት ዴቪድ ፍረም በብሎጋቸው «ዋተርሉ» የሚል ርእስ ሰጥተው፣ ዋተርሉውን ያገኘነው እኛው ነን፤ ለመደራደር እምቢ ብለን ሁሉንም በአንድ ቀን ላይ ስላስያዝን ሁሉንም አጣን ብለው ወገናቸውን ወቀሱ። በቀናት ውስጥ ከሚሠሩበት የጥናት ተቋም ጋር ተለያዩ። ታዲያ ፍረምስ ልክ ነበሩን? በኖቬምበር 2010 ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን በትልቅ ድል መልሰው ያዙ። በ2012 ኦባማ እንደገና ተመረጡ። በ2017 ሪፐብሊካኖች ሕጉን ለመሻር ያቀረቡት ሐሳብ በሴኔቱ 49 ለ51 ወደቀ። የማን ዋተርሉ ነበር? ለመሰየም የቸኮሉት ሁሉ ተሳስተዋል።

የሟቹ አርባ የወጣ ዕለት እዚያው ቤት ተመልሰን ተገናኘን። ሽማግሌው ሲያዩኝ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ ያነበብሁትን ሁሉ ጠየቁኝ። ስለ ስሙ፣ ስለ ላፋዬት፣ ስለ ማንቸስተሩ ሜዳ ነገርኋቸው። ስለ ጥርሱ ስነግራቸው ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ይኸን አላውቅም ነበር» አሉ። ጥቂት ቆይተውም፣ «የማን ልጆች ነበሩ?» ሲሉ ጠየቁ።

ከሁሉም አገር የመጡ፣ ብዙዎቹም ገበሬዎች ነበሩ አልኋቸው። ጎልማሳው ከማዶ ሲሰማን ቆይቶ ነበር። ተነሥቶ ሁለተኛውን ቡና ለሽማግሌው አቀበላቸው፤ በዚያን ዕለት ስለ ቡድኖቹ ማንም አልተናገረም።